በአንጎል ደም መልስ ውስጥ የረጋን ደም ስንፈልግ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ከወለደች ሁለት ሳምንት የሆናት አራስ ራሷን ክፉኛ ሲያማት፣ ወሎ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰጠው ስም ምች ነው። ዳማከሴ ይጨመቅላታል። ካልለቀቃት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ እዚያም ካልተሻላት ደሴ ወይም ወልድያ ሪፈር ይጻፍላታል። ሲቲ ስካን ተነሥታ «ምንም የለም» ተብላ ትመለሳለች። በዚህ ሁሉ መሐል የአንጎሏ ደም መልስ ሥሮች ይታዩ ያለ ሰው ላይኖር ይችላል፤ የአንጎል ደም መልስ መርጋት የሚባለው በሽታ በብዛት የሚያመልጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ከአንጎል የሚመለሰው ደም መውጫው ሲዘጋበት ግፊቱ ወደ ኋላ ይገፋል፣ አንጎል ያብጣል፣ አንዳንዴም ይደማል።

ራስ ምታቱን በለመድነው ስም መሸፈን

ከ10 ታማሚዎች 9ኙን ያህል ራሳቸውን ያማቸዋል፤ አንዳንዶቹ ከዚያ ሌላ ምንም ምልክት የላቸውም። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ጀርባዋን በማደንዘዣ ስለተወጋች ሕመሙ «የመርፌው ነው» ይባላል። የመርፌው ራስ ምታት ስትቀመጥ ይብሳል፣ ስትተኛ ይቀላል። ስትተኛ የሚብስባት ከሆነ፣ ስታስል ከጠነከረ፣ ወይም መጀመሪያ ስትተኛ ይቀላት የነበረው ጠባዩን ከለወጠ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ሁለት ሁለት ካየች፣ አንድ ጎኗ ከዛለ ወይም እንደ ሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጣት ለነገ አይባልም። የዓይንን ጀርባ በኦፍታልሞስኮፕ ማየት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ የነርቩ ጫፍ አብጦ ከተገኘ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ከወሊድ በኋላ ያንቀጠቀጣትን ሴት እንደ ኤክላምፕሲያ (በእርግዝናና በአራስነት ከደም ግፊት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ) ቆጥሮ ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለውን መድኃኒት መጀመር ተገቢ ነው። የደም ግፊቷ ልከኛ ሆኖ፣ ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን ሳይገኝ እዚያው መቆም ግን ስህተት ነው።

ጥያቄውን በደፈናው መጠየቅ

ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል አንዱ ዋና መነሻ ነው። ነገር ግን ረመዳንን ሙሉውን ለመጾም ወይም ለሐጅ ብላ የወር አበባዋን ለማዘግየት የምትውጥ ሴት «የወሊድ መከላከያ ትወስጃለሽ?» ስትባል «አይ» ልትል ትችላለች። «ማንኛውንም እንክብል፣ ለማንኛውም ነገር» ብለው ይጠይቁ። የሚመግል ጆሮ፣ በተቅማጥና በትውከት የደረሰ የውሃ እጥረት (በቆቦ ሜዳ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል)፣ ካንሰርና ደም ማነስም ይጠየቁ።

«ሲቲ ስካኗ ጤናማ ነው» ብሎ መዝጋት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ያለ ኮንትራስት (ሥሮቹን የሚያጎላ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) የተነሣ ሲቲ የረጋውን ደም በቀጥታ የሚያሳየው ከሶስት ታማሚዎች በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። መጠየቂያው ላይ «ራስ ምታት፣ የራስ ሲቲ» ብቻ ከተጻፈ ራዲዮሎጂስቱም የሚያነበው ያንኑ ያህል ነው። እንዲህ ይጻፍ፦ «ከወለደች 12ኛ ቀኗ፤ ራስ ምታት 6 ቀን፤ ትናንት አንቀጥቅጧታል፤ የአንጎል ደም መልስ መርጋት ተጠርጥሯል፤ ሲቲ ቬኖግራፊ ይነሣ።» ሲቲ ቬኖግራፊ ማለት በኮንትራስት ደም መልሶቹን የሚያሳይ ሲቲ ነው። ከወገልጤና ወይም ከመካነ ሰላም ሪፈር የሚጽፍ ባለሙያም ይህንኑ ቢያሰፍር፣ ታማሚዋ ደርሳ ከዜሮ አትጀምርም።

ኮንትራስት የሌለው ፊልም ላይም ፍንጭ አለ። የደም ቅዳን ክልል የማይከተል መድማት፣ ከራስ አናት ሥር በግራና በቀኝ፣ በጆሮ ግንድ በኩል፣ ወይም በሁለቱም ታላመስ (ከአንጎል መሐል ያለ ክፍል) ላይ ሲታይ ደም መልስን ይጠርጥሩ። ሥሩ ነጭ ገመድ መስሎ ከታየ ንጣቱ ይለካ፤ ከ70 ሃውንስፊልድ (የሲቲ የንጣት መለኪያ) በላይ አጠራጣሪ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም። ውሃ ያነሰውና ሄማቶክሪቱ (በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) ከፍ ያለ ሰው ሥሮቹ ሁሉ ነጣ ይላሉ፤ ደም ማነስ ባለባት እናት ደግሞ የረጋው ደም ራሱ ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ሲቢሲውን (የደም ሕዋሳት ቆጠራውን) አጠገብ አስቀምጦ፣ የተጠረጠረውን ሥር ከደም ቅዳዎቹ ጋር እያስተያዩ ማንበብ ነው።

ሰዓቱን መሳት

ለቬኖግራፊ ክንድ መታጠፊያ ላይ 18 ወይም 20 ጌጅ ካኑላ ይገባል፤ ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ኮንትራስት በሴኮንድ 3 ወይም 4 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ከ40 እስከ 45 ሴኮንድ ተጠብቆ ከአናት እስከ አንገት መነሻ ይነሣል። ለደም ቅዳ በተሰላው ሰዓት ከተነሣ ደም መልሶቹ ገና ስላልሞሉ ጤነኛው ሥር የተዘጋ ይመስላል። ቀድሞ የኩላሊት በሽታ የሌለባት ወጣት ክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ስትጠብቅ ማደር የለባትም። ጡት ማጥባቷንም አታቋርጥ። ለነፍሰ ጡር ያለ ኮንትራስት የሚሠራ ኤምአርአይ ይመረጣል፤ ከሌለ ግን ፅንሱ የሚደርሰው ጨረር በጣም አነስተኛ ስለሆነ ሲቲውን መከልከል አይገባም።

ጤነኛን ሥር የተዘጋ ማለት፣ የተዘጋውን ጤነኛ ማለት

በብዙ ሰው የግራው አግዳሚ ሥር ከተፈጥሮው ቀጭን ነው፤ ቬኖግራፊ ላይ የጠፋ ይመስላል። ደሙ ከራስ ቅሉ የሚወጣበትን ቀዳዳ ግራና ቀኝ ያስተያዩ፤ በዚያ በኩል ቀዳዳውም ጠባብ ከሆነ ሲወለድ ጀምሮ የነበረ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሥሩ ውስጥ ያለ ክብ፣ ጠርዙ ልሙጥ እብጠትም ሁሉ የረጋ ደም አይደለም።

ኤምአርአይ ደግሞ በቀናት ያታልላል። በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት የረጋው ደም ቲ-2 በተባለው የምስል ዓይነት ላይ ጥቁር ሆኖ የሚፈስ ደም ይመስላል። ከ6ኛው እስከ 15ኛው ቀን ቲ-1 ላይ ያበራል፤ ያ ብርሃን የደም ፍሰትን በሚያሳየው የታይም ኦፍ ፍላይት ምስል ላይ እንደ ጤነኛ ፍሰት ሊነበብ ይችላል። ትንንሾቹን የአንጎል ገጽ ሥሮች የሚያጋልጠው ግራዲየንት ኤኮ ወይም ኤስደብሊዩአይ የተባለው የኤምአርአይ አነሣሥ ነው፤ በስም ይጠየቅ።

በዲ-ዳይመር መፍረድ

ዲ-ዳይመር (የረጋ ደም ሲሟሟ የሚወጣውን የሚለካ የደም ምርመራ) ከ500 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር በታች ሆነ ብሎ ማሰናበት አደገኛ ነው። ራስ ምታት ብቻ ያለባትን፣ ወይም ምልክቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየባትን ሰው ሊያሳስት ይችላል። በእርግዝናና በአራስነት ደግሞ ያለ በሽታም ከፍ ይላል። የላቦራቶሪውን መለኪያም ይዩ፤ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትርና 500 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር አንድ ናቸው።

ደም ስላየን ሄፓሪን መከልከል

ከደም መልስ መዘጋት የመጣ መድማት ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ሄፓሪን አይከለክልም። በሽታው ከተረጋገጠ በኋላ እንደ ተራ ስትሮክ ቆጥሮ አስፕሪን ብቻ መስጠትም ሕክምናውን ይስታል።

የመነሻውን ምርመራ ባልሆነ ጊዜ ማዘዝ

ደም ከልክ በላይ እንዳይረጋ የሚከላከሉት ፕሮቲን ሲ፣ ፕሮቲን ኤስ እና አንቲትሮምቢን በሕመሙ ትኩስ ወቅት ይወርዳሉ። ዋርፋሪን የተባለው ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ እንክብል ፕሮቲን ሲንና ኤስን፣ ሄፓሪን አንቲትሮምቢንን፣ እርግዝና ፕሮቲን ኤስን ዝቅ ያደርጋሉ። በዚያ ሰዓት የተሠራ ውጤት ለታማሚዋ የሌለባትን የዘር በሽታ ስም ሊያሸክማት ይችላል፣ ገንዘቧም በከንቱ ይሄዳል። መድኃኒቱ ካበቃ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይሠራ። የአንቲፎስፎሊፒድ ምርመራ (ደምን የሚያረጉ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚፈልግ) ፖዘቲቭ ከሆነ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት፤ ቀኑ ካርዷ ላይ ይጻፍላት፣ ለባለቤቷ ወይም ለእናቷም ይነገር።