በስልክ ለምትሰጡት ምክር ስንት ትጠይቃላችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ ኢንተርናሽናል ባንኪንግ ክፍል ሲሰራ ቆይቶ በዲቪ ወደ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ገና አራት ወሩ። «ጋሼ፣ ሊንክድኢን ላይ አንድ ኩባንያ ጻፈልኝ። ስለ ኤልሲ (ባንክ ለአስመጪ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) አሰራር በስልክ ለአንድ ሰዓት ሊጠይቁኝ ፈልገዋል። የሰዓት ዋጋህ ስንት ነው ሲሉኝ 30 ዶላር አልኳቸው። ጥሩ ነው አይደል?» አለኝ። ጥሩ አይደለም። ይህንን ጥያቄ ዘንድሮ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት ቆጠራው ጠፍቶኛል፤ ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ጽሑፍ ነው የምልከው።

እነዚህ ኩባንያዎች ኤክስፐርት ኔትወርክ ይባላሉ። ጂኤልጂ፣ አልፋሳይትስ፣ ጋይድፖይንትና ሰርድ ብሪጅ ከታወቁት ናቸው። ሥራቸው ድለላ ነው፦ ኢንቨስተር ወይም አማካሪ ድርጅት አንድን ገበያ ማወቅ ሲፈልግ፣ እዚያ ውስጥ የሰራ ሰው ፈልገው በስልክ ያገናኛሉ። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ በ2024 መጨረሻ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ ጸደቀ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ቡና ከተመነጠረ ደን እንዳይመጣ የሚል ሕግ አውጥቷል። ስለዚህ በቴሌኮም፣ በባንክ፣ በቡና፣ በትራንዚት የሰራ ኢትዮጵያዊ ይፈለጋል። እዚህ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስለምታነሱ እውቀታችሁ ዋጋ ያጣ አይምሰላችሁ።

በመጀመሪያ ግን የሥራ ፈቃድ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት፣ በስደተኝነት (በሬፊውጂ ፕሮግራም) የመጣ ሰው መሥራት ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና የሚታይ ሰው ወርክ ፐርሚቱ እጁ ሳይገባ አንዲት ደቂቃም በክፍያ እንዳያወራ። በኤች-ዋን-ቢ (ቀጣሪ በሚያስወጣው የሥራ ቪዛ) ያላችሁ ፈቃዳችሁ የታሰረው ከቀጣሪያችሁ ጋር ነው፤ የጎን ሥራ አይፈቀድም። ተማሪዎች የትምህርት ቤታችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሳትጠይቁ እሺ አትበሉ። «ስልክ ማውራት ሥራ ነው እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። ገንዘብ ከተከፈለበት ሥራ ነው። በ100 ዶላር የኢሚግሬሽን ጉዳዩን የሚያበላሽ ሰው ያናድደኛል፤ ደግሞም ያሳዝነኛል።

አሁን እኔ የተጎዳሁበትን ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፤ ግን አትዝለሉት።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2022 ነው። አገር ቤት ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሰርቼ፣ እዚህ ሜሪላንድ ዌርሃውስ ገብቼ ነበር። አንድ አገናኝ ኩባንያ ስለ ጉጂና ይርጋጨፌ ቡና አቅርቦት የሚያስረዳ ሰው እንደሚፈልግ ጻፈልኝና ዋጋዬን ጠየቀኝ። ሐሳቤ ወዲያው ወደ ብር ሄደ። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ ከ50 ብር በላይ ነበር፤ 50 ዶላር ማለት ከ2,500 ብር በላይ ነው። ለአንድ ሰዓት ንግግር ብዙ መስሎኝ 50 አልኩ። ሳይከራከሩ ተቀበሉ። ሳይከራከሩ መቀበላቸው ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር።

ሁለት ሌሊት ተዘጋጀሁ። ቡናው ከገበሬው ተነስቶ፣ በአቅራቢና በማጠቢያ ጣቢያ አልፎ ጅቡቲ እስኪደርስ ያለውን ወጪ በኤክሴል ዘረዘርኩ። በቀጠሮው ቀን ሦስት ሰዓት ያለ ክፍያ ፈቃድ ወሰድኩ። ደዋዩ ጨዋ ሰው ነበር። ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው? 17። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ስንት ጆንያ ይይዛል? 320። ለአንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ስንት ኪሎ እሸት ይገዛል? ስድስት ገደማ። እየጠየቀ፣ እየመለስኩ፣ በ22ኛው ደቂቃ «አመሰግናለሁ፣ የፈለግኩትን አግኝቻለሁ» ብሎ ዘጋ። በማግስቱ ኤክሴሉን እንድልክለት በአገናኙ በኩል ጠየቀኝ፤ ላክሁለት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የገባልኝ 18 ዶላር ከ33 ሳንቲም ነው። ክፍያው በደቂቃ ይታሰባል፤ ውሉ ላይ ተጽፏል፤ እኔ ሳላነብ ነበር «እስማማለሁ» የሚለውን የተጫንኩት። ከዌርሃውስ ያጣሁት የሦስት ሰዓት ደመወዝ ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። በዚህም አላበቃም። ሌላ ደንበኛ ሲመጣ መዝገባቸው ላይ ያለው ዋጋዬ 50 ነበር፤ ይጨመርልኝ ስል «ደንበኛው በዚህ ዋጋ ተስማምቷል» አሉኝ።

ነገሩን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። በደቂቃ የሚታሰብ ክፍያ በደንብ የሚያውቀውን ሰው ይጎዳል። የማያውቅ ሰው ሲንተባተብ ሰዓቱን ይሞላል፤ የሚያውቅ ግን በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ይሰናበታል። ስለዚህ ከሰዓት ዋጋው ጋር ዝቅተኛውን ክፍያም አብራችሁ ተናገሩ፦ ስልኩ በአምስት ደቂቃ ቢያልቅም ቢያንስ የ30 ደቂቃ እንዲከፈላችሁ። አንዳንዶቹ «አሰራራችን አይፈቅድም» ይላሉ። እንዲህ ካሉ የሰዓቱን ዋጋ ከፍ አድርጉ። የጽሑፍ ሥራ፣ ሰንጠረዥ፣ ከስልኩ በኋላ የሚላክ ማብራሪያ ሁሉ ለብቻው ይከፈልበታል። ከስልኩ በፊት «ለመተዋወቅ» ተብሎ በሚደረገው አጭር ንግግር ደግሞ ምን እንደሰራችሁና ምን ማስረዳት እንደምትችሉ ብቻ ተናገሩ። መልሱን እዚያ ካፈሰሳችሁት ዋናው ስልክ ላይመጣ ይችላል።

ዋጋውን እንዴት ትቆርጣላችሁ? ብሩን እርሱት፤ የዌርሃውሱንም የሰዓት ክፍያ እርሱት። እናንተ አገር ቤት የነበራችሁበትን ሥራ እዚህ የሚሰራ ሰው በዓመት ስንት ያገኛል? 90,000 ዶላር ነው እንበል። ለ2,080 የሥራ ሰዓት ስታካፍሉት 43 ዶላር ገደማ ይመጣል። ይህ ግን ኢንሹራንስ፣ ዕረፍትና ቋሚ ሥራ ያለው ሰው ክፍያ ነው። እናንተ የምትጠሩት በዓመት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ነው፤ ስለዚህ በሦስት አባዙት፣ 130 ይሆናል። በእኔ አስተያየት ጀማሪም ቢሆን ከ150 በታች ባይወርድ ይሻላል። የመምሪያ ኃላፊ የነበረ ሰው 250 ቢል አያፍርም። አገናኙ ከደንበኛው የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ለእናንተ ከሚከፍለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ደግሞ አንዱ በ30 ሲስማማ፣ ቀጥሎ የሚጠራውን ኢትዮጵያዊ «ሌሎቹ በዚህ ዋጋ ይሰራሉ» ይሉታል። ይህ በእኔም ላይ ደርሷል።

የማይነገር ነገር አለ። አሁን ስለምትሰሩበት ድርጅት አታውሩ፤ ቀድሞ ስለሰራችሁበትም በቅርቡ ከለቀቃችሁ አገናኙ ስንት ወር እንዲያልፍ እንደሚፈልግ ጠይቁ። ያልታተመ የሒሳብ ውጤት፣ የደንበኛ ስም፣ የውል ዋጋ ብትጠየቁ መልሱ «ይህን መናገር አልችልም» ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ የኩባንያቸውን ምስጢር ያወጡ አማካሪዎች ተከሰው ተፈርዶባቸዋል። መጠይቁ ላይ «የመንግሥት ሠራተኛ ነበርክ?» ሲል ንግድ ባንክ ወይም ኢትዮ ቴሌኮም የሰራችሁ «አዎ» በሉ። ሁለቱም በሙሉ ወይም በአብዛኛው የመንግሥት ናቸው፤ «ደመወዜን የከፈለኝ ባንኩ ነው» የሚለው አይሰራም።

ግብሩም አለ። ደብሊው-9 (ስማችሁንና የግብር ቁጥራችሁን የምትሰጡበት) ፎርም ያስሞሏችኋል። ከዚህ ገንዘብ ላይ ማንም ግብር አይቀንስላችሁም፤ ራሳችሁ ናችሁ የምታስቀምጡት። በዓመት የተጣራ 400 ዶላር ከደረሰ ከመደበኛው ግብር ሌላ 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ክፍያ አለበት፤ ስኬጁል ሲ እና ስኬጁል ኤስኢ የሚባሉት የግል ሥራ ገቢ ቅጾች ይሞላሉ። «1099 (ከፋዩ ስንት እንደከፈለ የሚያሳውቅበት ፎርም) ካልላኩልኝ ግብር የለብኝም» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። እኔ ከእያንዳንዱ ክፍያ 30 በመቶ ወደ ሌላ ሒሳብ አዛውራለሁ። ሜዲኬድ (የመንግሥት የጤና መድን) ወይም ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) የምትቀበሉ ደግሞ ገቢውን ለቢሮው አሳውቁ። መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ሠራተኛ ይህን ዓይነት ገቢ ላታውቀው ትችላለች፤ ሦስት ጊዜ ሊያመላልሷችሁም ይችላሉ። ቢሆንም በጽሑፍ አሳውቁና ቅጂውን ያዙ።

አስቀድማችሁ ክፈሉ የሚል፣ ወይም ትልቅ ቼክ ልኮ ትርፉን መልሱ የሚል ካለ ሌባ ነው። ቼኩ አካውንታችሁ ላይ ከታየ በኋላም ከቀናት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዕዳው የእናንተ ነው።

ልጁ ያን ዕለት ማታ መልሶ ጻፈላቸው፦ ዋጋው በሰዓት 150፣ ቢያንስ የ30 ደቂቃ፣ የጽሑፍ ሥራ ለብቻው። የስልኩ ቀጠሮ ገና ስላልተያዘ ዋጋውን መቀየር ይችላል። እስካሁን መልስ አልመጣለትም፤ ትናንትም ደውሎ «30ው ቢያመልጠኝስ?» አለኝ። ያምልጥህ አልኩት።