አምስት ሰው በአንድ ፓስወርድ፦ የሚያድጉ ድርጅቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ «ቶሎ ድረስልኝ» ብሎ ጠራኝ። ዕቃው ከመጋዘን ወጥቷል፤ የሽያጩ ደረሰኝ ግን ፒችትሪ ከሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ተሰርዟል። ማን እንደሰረዘው ለማየት መዝገቡን ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፦ «አድሚን»። አምስት ሠራተኞች በዚሁ ስም፣ በአንድ ፓስወርድ ነው የሚገቡት። ፓስወርዱ ኪቦርዱ ሥር በወረቀት ተለጥፏል።

ገንዘብ ያዧ ጥግ ላይ ቆማ በሻሿ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። «ጋሼ፣ ወላሂ አልነካሁትም» ትላለች። ባለቤቱ «አብሽሪ ልጄ» ይላታል፤ ፊቱ ላይ ግን ጥርጣሬው ይነበባል። እሷ ንጽህናዋን የምታሳይበት መንገድ የላትም፤ እሱም እውነቱን የሚያውቅበት የለውም። ደረሰኙን ማን እንደሰረዘው እስካሁን አልታወቀም።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው፤ መግቢያን በጋራ መጠቀም። እኛ ወሎ ውስጥ ንግድ የምንጀምረው በእምነት ነው። ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ሆነን እንነሳለን። ሦስት ሰው እያለን ችግር የለውም። 30 ስንሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ለየሰው የራሱን ስምና ፓስወርድ መስጠት ሠራተኛን መጠርጠር የሚመስላቸው አሠሪዎች ብዙ አጋጥመውኛል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው፤ ሐቀኛውን ሰው ከሐሜት የሚያወጣው እሱ ነው። ያቺ ልጅ የራሷ መግቢያ ቢኖራት ኖሮ ጉዳዩ በአምስት ደቂቃ ባለቀ ነበር።

ስም ለየብቻ ሰጥቶ ሁሉንም ለሁሉም ክፍት ማድረግ ደግሞ ሁለተኛው ስህተት ነው። መጋዘን ጠባቂው የዕቃውን ብዛት ይይ፤ የተገዛበትን ዋጋ ለማየት ምን ምክንያት አለው? ሻጩ ደረሰኝ ይቁረጥ፤ መሰረዝ ግን አይችል። የደመወዝ ዝርዝሩን የሚያየው ደመወዝ የሚሠራው ብቻ ይሁን። ባንክ ቤት ሲሄዱ አይታችሁ ይሆናል፤ ትልቅ ገንዘብ ሲሆን አንዷ ትመዘግባለች፣ ሌላ ሰው ያጸድቃል። ትንሽ ድርጅትም ይህን ለክፍያና ለስረዛ ቢያውለው ብዙ ጣጣ ይቀርለታል።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ሠራተኛ ከሽያጭ ወደ ሒሳብ ክፍል ሲዛወር አዲሱ ፈቃድ ይጨመርለታል፤ የድሮውን የሚያነሳለት ግን የለም። በሦስት ዓመት ውስጥ ራሱ መዝግቦ ራሱ የሚያጸድቅ ሰው ይሆናል። በየሦስት ወሩ «ማን ምን መክፈት ይችላል?» ብሎ ዝርዝሩን ማየት ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሥራ የለቀቀ ሰው ነገር ነው። ሽኝት እናደርጋለን፣ ቡና ይፈላል፣ እንመራረቃለን፣ የመጋዘኑን ቁልፍ እንረከባለን። ፓስወርዱን መቀየር ግን ይሉኝታ ይይዘናል። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ድርጅት ኢሜይሉን የከፈተለት የመጀመሪያው ሠራተኛው ነበር፤ በራሱ ሲም ካርድ። ልጁ አዲስ አበባ ገብቶ ሥራ ያዘ። ኢሜይሉ አንድ ቀን «የማረጋገጫ ኮድ አስገቡ» አለ። ኮዱ የሚደርሰው ልጁ ስልክ ላይ ነው፤ ልጁ ደግሞ ያንን ቁጥር ትቶታል። የጨረታ ሰነዳቸው እዚያ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ኢሜይልም ሆነ የቴሌግራም ቻናል ሲከፈት በድርጅቱ ስልክ ቁጥር ይሁን። ሰው በለቀቀ ዕለት መግቢያው ይዘጋ፣ ከግሩፕ ይውጣ፣ የሚያውቃቸው የጋራ ፓስወርዶች ይቀየሩ። የድርጅቱን ቴሌግራም በስልኩ ከፍቶት ከነበረ፣ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን ከፍታችሁ የእሱን ስልክ አስወጡት። ለሁሉም እኩል ከተደረገ ማንም አይቀየምም።

ስለ ግሩፕ ካነሳን፣ የሠራተኛ መታወቂያ፣ የደመወዝ ወረቀትና የደንበኛ ስልክ ዝርዝር በቴሌግራም ግሩፕ መላክ ይቁም። አንዴ ከተላከ በኋላ በስንት ስልክ ላይ እንደተቀመጠ አታውቁም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው መረጃ መያዝ በሕግም የሚያስጠይቅ ኃላፊነት ሆኗል።

ፓስወርድን በየወሩ ማስቀየርም የሚመከር አይደለም። ሰው ሲሰለቸው መጨረሻው ላይ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይጨምራል። ረዘም ያለና ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት ይሁን፤ ኢሜይሉ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀው፣ ይከፈት። ተሰርቋል የሚል ጥርጣሬ ካለ ያኔውኑ ይቀየር።

የቀረው ባክአፕ ነው፤ የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ኮምፒውተራቸው የተዘረፈባቸው ብዙ ናቸው። ባክአፑ ያለበት ፍላሽ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ከነበረ አብሮ ሄዷል። ከዚያ በኋላ የዱቤ ደንበኛን ዕዳ በቃል እያስታወሱ የሰበሰቡ ነጋዴዎች አውቃለሁ። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ ወይም ኢንተርኔት ላይ ሆኖ በፓስወርድ የተቆለፈ። መብራት በሄደ ቁጥር ባክአፑ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችልም በወር አንዴ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩት። ባለፈው አንድ ቢሮ ውስጥ ፍላሹን ሰክተን ስናየው የመጨረሻው ፋይል የስምንት ወር ዕድሜ ነበረው። ሒሳብ ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ዓርብ ስትገለብጥ ነበር፤ ፍላሹ ግን ሞልቶ ነበር።