ከረጅም ዓመታት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ፦ አካል ጉዳት ያለበት ሥራ ፈላጊ እንዴት ይዘጋጅ?

ስልኩ የጮኸው ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። «ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ይምጡ» አለችኝ አንዲት ልጅ። አመስግኜ ዘጋሁ። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በመኪና አደጋ ተጎድቼ የሒሳብ ሥራዬን ከተውኩ 5 ዓመት አልፎኝ ነበር። አሁን የምሄደው በሁለት ክራንች ነው።

ያንን ሥራ አላገኘሁትም። ሁለት ቀን ሙሉ ጥያቄና መልስ ሳጠና ስለ ሕንፃው አንዴም አላሰብኩም። 4ኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ ስሜን እንኳ በቅጡ መናገር አቃተኝ። ጠያቂዎቹ ያዩት ጎበዝ የሒሳብ ባለሙያ ሳይሆን የደከመች ሴት ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቃለ መጠይቆች ገብቻለሁ፤ ሥራም ይዣለሁ። ያኔ የሚነግረኝ ያጣሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

1. መልሳችሁ ደውሉ

ቀጠሮ እንደያዛችሁ፣ ደስታው ረገብ ሲል፣ በደወሉበት ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። እንዲህ ማለት ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ 4 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። በክራንች ነው የምንቀሳቀሰው። ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው? ሊፍት አለው? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሉ። ሊፍት ከሌለ ምድር ቤት ባለ ክፍል እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቻችን «ገና ሳልቀጠር ጣጣ አበዛች ይሉኛል» ብለን እንፈራለን። እኔም ፈርቼ ነበር። አሁን ግን ስደውል የማገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ «እሺ እህቴ፣ እናስተካክላለን» የሚል ነው። የሚያመነጫጭቁኝ ከሆነም ስለዚያ መሥሪያ ቤት አንድ ነገር አወቅሁ ማለት ነው።

የጽሑፍ ፈተና ካለም በዚሁ ስልክ ጠይቁ። እኛ ሀገር ከቃለ መጠይቁ በፊት ፈተና የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው። ማየት የተሳናችሁ ከሆነ አንባቢ፣ ስክሪን ሪደር (ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር) የተጫነበት ኮምፒውተር ወይም ተጨማሪ ሰዓት እንደሚያስፈልጋችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። መስማት የተሳናችሁ ከሆነ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ማን እንደሚሆን ቀድሞ ይታወቅ። የሙያችሁን ቃላት የሚያውቅ አስተርጓሚ ካላችሁ እሱን ይዛችሁ መምጣት እንደምትፈልጉ ተናገሩ።

2. ወረቀታችሁን ቀድማችሁ ሰብስቡ

ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ገና ማመልከት ስትጀምሩ ጀምሩት። የቀድሞ መሥሪያ ቤት የሥራ ልምድ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው የሠራውን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። ከወጣሁ ቆየሁ ብላችሁ አትተዉት።

የሥራ ማስታወቂያዎችን በደንብ አንብቡ። ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ የሚጠይቁ አሉ። ድርጅቱ ከተዘጋ የቅጥር ውላችሁ፣ የደሞዝ ስሊፕና የጡረታ መዋጮ መዝገብ ይረዷችኋል። የቀበሌ መታወቂያችሁ ጊዜው አልፎ እንደሆነም እዩ። ፋይዳ ካላወጣችሁ አውጡ።

3. ስለ ክፍተቱ የምትሉትን አዘጋጁ

«እነዚህን 5 ዓመታት ምን ስትሠሪ ነበር?» ይህ ጥያቄ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ልብ ሰጥቼ የሠራሁትም ይህንኑ መልስ ነው።

መጀመሪያ ላይ ታሪኬን በሙሉ እነግራቸው ነበር። አደጋውን፣ ሆስፒታሉን፣ ቀዶ ሕክምናውን፣ ስንት ወር እንደተኛሁ። ጠያቂዎቹ ከንፈራቸውን ይመጡልኛል። «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ ስለ ሒሳብ የሚጠይቀኝ የለም። ከንፈር መጠጣው ሲጀመር የሥራው ነገር እዚያው ያበቃል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ወሬውን ወደዚያ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

አሁን መልሴ 4 ነገር ብቻ አለው፦ ለምን እንደቆምኩ፣ ያ ነገር አሁን የት እንደደረሰ፣ በመሐል ምን እንደሠራሁ፣ ዛሬ ምን ማድረግ እንደምችል። እንዲህ ነው የምለው፦

«በመኪና አደጋ ተጎድቼ ሕክምና ላይ ነበርኩ። ሕክምናው አልቋል። ካገገምኩ በኋላ የሰፈራችንን እድር የአባላት መዋጮና ወጪ ከደብተር ወደ ኤክሴል አዛውሬ በየወሩ ሪፖርት አዘጋጅ ነበር። አሁን ሙሉ ቀን መሥራት እችላለሁ።»

ጮክ ብላችሁ በሰዓት ለኩት። ከ1 ደቂቃ ካለፈ አሳጥሩት።

የእድሩን ነገር ልብ በሉ። ቤት በዋላችሁበት ዘመን የሠራችሁት ሥራ አለ። የዕቁብ ዳኛ ሆናችኋል፣ በሰበካ ጉባኤ ወይም በመስጊድ ኮሚቴ አገልግላችኋል፣ የጎረቤት ልጆች አስጠንታችኋል፣ የዘመድ ሱቅ ሒሳብ ይዛችኋል። ደሞዝ አልተከፈለበትም ብላችሁ ከሲቪያችሁ አታውጡት። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁና ምን እንደሠራችሁ በቁጥር ጻፉ። ያልሠራችሁትን ግን አትጨምሩ። ውሸቱን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃቸዋል።

ጉዳታችሁ የማይታይ ከሆነስ? የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም፣ በከፊል አለመስማት ያለባችሁ ሰዎች «ልናገር ወይስ ልተው?» ትላላችሁ። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለኝም። እኔ የምከተለው መመዘኛ ግን ይህ ነው፦ ሥራውን ለመሥራት ወይም ቃለ መጠይቁን በደንብ ለመስጠት አንድ ነገር ካስፈለገኝ የሚያስፈልገኝን እናገራለሁ፤ የሕመሙን ታሪክ ግን አልዘረዝርም። «ፊት ለፊት እያዩኝ ከተናገሩ በደንብ እሰማለሁ» ብሎ መጀመር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሳይሰሙ ገምቶ ከመመለስ በጣም ይሻላል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ አሠሪው ሥራውን ሊሰጣችሁ ሳይወስን ስለ ጉዳታችሁ እንዳይጠይቃችሁ እንደሚከለክል እወቁ።

4. ሙያችሁ የት እንደደረሰ አጥኑ

እኔ ቤት ሳለሁ ብዙ ነገር ተለውጧል። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ ተተካ። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ሒሳብ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ ቃለ መጠይቅ ቢገባ ጠያቂው ክፍተቱን በዓይኑ ያየዋል። የእናንተም ሙያ እንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት ለውጦች አሉት። አሁን ሥራው ላይ ላለ አንድ የድሮ ባልደረባ ደውሉና «ከወጣሁ ወዲህ ምን ተቀየረ?» በሉት። የግማሽ ሰዓት ወሬ የሳምንት ንባብ ያህል ይጠቅማል።

ስለ ደሞዝም ጠይቁት። ከ2016 ሐምሌ ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ነው የሚወሰነው፤ ዋጋውም ከድሮው ጋር አይገናኝም። የድሮ ደሞዛችሁን መነሻ አድርጋችሁ አትናገሩ። ሚኒባስ ተጋፍታችሁ መሳፈር የማትችሉ ከሆነ የራይድ ወጪያችሁን ቤት ሳላችሁ ደምሩት።

5. መብታችሁን እወቁ

ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 568/2000 ነው። ለሥራው የሚያስፈልገውን ችሎታ የያዘ አካል ጉዳተኛ በጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ሳይደረግበት ተወዳድሮ የመቀጠር መብት አለው ይላል። አሠሪውም ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። ሕንፃን በተመለከተም የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መንቀሳቀሻ እንዲኖራቸው ያዛል።

ቃለ መጠይቅ ውስጥ አዋጅ ጥቀሱ አልልም። ግን ይህን ያወቀ ሰው ወንበር፣ ጠረጴዛ ወይም ምድር ቤት ያለ ቢሮ ሲጠይቅ ድምፁ የልመና አይሆንም። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

6. ተለማመዱ

ከእናታችሁ ጋር አይደለም። እናት ታዝንላችኋለች። የሚደፍራችሁ ሰው ፈልጉና «ይህ ሥራ ጫና አለው፣ ትችይዋለሽ?» ብሎ ያፋጥጣችሁ። መልሱ «እችላለሁ» ብቻ ከሆነ አያሳምንም። እንዴት እንደምትሠሩት ተናገሩ። እኔ «ወር መዝጊያ ላይ አምሽቼ እሠራለሁ። ፋይል ከመደርደሪያ ለማውረድ ሰው እጠራለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ ራሴ እሠራለሁ» እላለሁ።

ልምምዱን ለ40 ደቂቃ ያህል ሳትነሱ፣ በዚያ ቀን በምትለብሱት ልብስና ጫማ አድርጉት። ጀርባ ወይም እግር የሚያም ከሆነ ስንት ደቂቃ ላይ እንደሚጀምር ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

7. የቀጠሮው ጠዋት

የክራንች ጎማ ጫፉ ካለቀ በፊተኛው ቀን ለውጡት። በክረምት የረጠበ ሴራሚክ ላይ ያለቀ ጎማ በጣም ያንሸራትታል። ወረቀታችሁን በፕላስቲክ አቃፊ አድርጋችሁ ጀርባ ላይ በሚታዘል ቦርሳ ያዙ፤ እጃችሁ ነፃ አይደለምና። በታክሲ ከሆነ ጋቢና እስኪገኝ የምትጠብቁበትን ጊዜ ጨምሩ። እኔ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እደርስና በረንዳ ላይ ወይም ጥበቃዎቹ ጋ አርፋለሁ።

ስትገቡ መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ክራንቹን አስደግፉ፣ ከዚያ ሰላም በሉ። ቆማችሁ እጅ ለመጨበጥ አትታገሉ። «ይቅርታ፣ ልቀመጥና ሰላም ልበላችሁ» ማለት ነውር አይደለም። አብሯችሁ ሰው ከገባና ጥያቄው ወደ እሱ ከዞረ፣ ሳትቆጡ እናንተው መልሱ። ሁለት ጊዜ ከመለሳችሁ ፊታቸው ወደ እናንተ ይመለሳል።

ከንፈር የሚመጥ አይጠፋም። «አመሰግናለሁ፣ አሁን ደህና ነኝ» በሉና ወዲያው ስለ ሥራው አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የሒሳብ ክፍሉ ስንት ሰው ነው? የምትጠቀሙት የሒሳብ ሶፍትዌር ፒችትሪ ነው?» ወሬው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ቤት እንደገባችሁ፣ ሳትተኙ፣ የተጠየቃችሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ። ያልመለሳችሁትን አስምሩበት። ሳምንት ሲሞላ ደውላችሁ ውጤቱን ጠይቁ። የእኔ ደብተር ሥራ እስካገኝ 9 ገጽ ሞልቶ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሰመርኩበት ጥያቄ መጨረሻ ላይ በተቀጠርኩበት ቦታም ተጠይቄዋለሁ።