ከሾኩ ስር ያለችው ቀይ ጠብታ፦ የትንሽ አውሮፕላን ላንዲንግ ጊር (ጎማና እግሩ) ችግሮችና መፍትሄያቸው

አውሮፕላኗ ዘንበል ብላ ስትገኝ

ዴንቨር ታኅሣሥ ላይ፣ ጠዋት ሃንጋር ስትገቡ አንደኛው ክንፍ ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። አትደንግጡ። ፓይፐር የሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ሾክ ውስጥ ያለው ዘይትና የታመቀ ናይትሮጂን ነው። ሲበርድ ጋዙ ይኮማተራል፣ ጎሚኒውም ይደርቃል፣ ሾኩ ቁጭ ይላል።

መጀመሪያ ክንፉን ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጉት፤ ዘንጉ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ ለኩ። ዋሪየርና አርቸር በሚባሉት የፓይፐር ሞዴሎች ላይ፣ ነዳጅ ሞልቶ ሰው ሳይሳፈር፣ ከክንፉ ስር ያለው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የአፍንጫው 8 ገደማ መታየት አለበት። እኔ የአፍንጫውን በአራት ጣት ነው የምለካው። ጎማው በሚታጠፈው የፓይፐር ሞዴል፣ አሮው ላይ ልኩ ያንሳል፤ መመሪያውን እዩ።

ዘንጉ ደረቅ ከሆነ ናይትሮጂን መጨመር ይበቃል። ቀይ ዘይት ካለበት ግን ጎሚኒው እያለቀ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዘይቱ ፈሶ ሳለ ጋዝ ብቻ ሞልቶ ይሄዳል። ሾኩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለዓይንም ያምራል። ጋዙ ግን ስፕሪንግ ነው፤ ምቱን የሚውጠው ዘይቱ ነው። ስታርፉ ብረት ከብረት ሲጋጭ ከሰማችሁ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ።

ጎሚኒ ከመቀየሩ በፊት ዘንጉን በጥፍራችሁ ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱም ጎሚኒ አይበረክትም። አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ፦ ጋዙ ሳይተነፍስ የቫልቮላውን ውስጠኛ ክፍል አትፍቱ። እንደ ጥይት ነው የሚወጣው።

የፊት ጎማ ሲርገፈገፍ

ሴስና 172 ያበረረ ሁሉ ያውቀዋል። አርፋችሁ ስትሮጡ ዳሽቦርዱ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ለጊዜው መሪውን ወደ ራሳችሁ ስባችሁ የአፍንጫውን ጎማ ከጭነት አቅልሉለት።

ሁሉም ሰው ጥፋቱን የሚጥለው በሺሚ ዳምፐሩ፣ ማለትም መርገፍገፉን በሚያፍነው ዕቃ ላይ ነው። እሱ ውድ ነው፤ ቀላሉን አስቀድሙ። የጎማው ንፋስ ልክ ነው? ያለ እኩልነት ተበልቷል? ከዚያ አፍንጫዋን አስነስታችሁ መቀስ የሚመስለውን ማያያዣ በእጅ ነቅንቁት። ቀጭ ቀጭ ካለ ቡሽው ተበልቷል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ነው ወደ ዳምፐሩ የሚኬደው። እሱም ብዙ ጊዜ የጎደለው ዘይት ብቻ ነው።

ፍሬን ሲላላ

ደጋግማችሁ ስትረግጡ ከጠነከረ አየር ገብቶበታል። አየሩ የሚወጣው ዘይት ከታች ወደ ላይ በመግፋት ነው። ቀስ እያለ ከሰመጠ ወይ የሚያፈስ አለ፣ ወይ ማስተር ሲሊንደሩ ደክሟል። ሸራው ከ2.5 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ይቀየር። የመኪና ፍሬን ዘይት ግን በፍጹም! የነዚህን አውሮፕላኖች ጎሚኒ ያበላሸዋል። የሚገባው ያው ቀዩ የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ዘይት ነው።

ቦሌ የምታበሩ ወዳጆቼ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናችሁ፤ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት ጌጁ ያው 60 ኖት ቢልም መሬት ላይ የምትሮጡት ነፋስ በሌለበት 67 ገደማ ነው። ፍሬናችሁ የሚግለው ለዚያ ነው።

ሦስቱ አረንጓዴ መብራቶች ሳይበሩ ሲቀሩ

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በአሮው ልናርፍ ስንል ጊሩን አወረድኩ። ጎማዎቹ ወርደው መቆለፋቸውን የሚያሳዩት ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ግን አልበሩም። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ዝም ብሎ እጁን ሰደደና የፓኔሉን መብራት አጠፋ። ሦስቱም አረንጓዴ ቁልጭ አሉ። አሮው ላይ የፓኔል መብራት ሲበራ የጊሩ መብራቶች አብረው ይደበዝዛሉ። ፀሐይ ፊት ለፊት ካለች ጭራሽ አይታዩም።

አንዱ ብቻ ካልበራ አምፖሉን ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩት። ይህን ስታደርጉ ግን አንድ ሰው አውሮፕላኗን ያብርር። በ1972 እ.ኤ.አ. የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 401 ሠራተኞች በተቃጠለ የአፍንጫ ጎማ አምፖል ተጠምደው ሳለ አውሮፕላኑ ዝቅ እያለ ሄዶ ማያሚ አቅራቢያ ረግረግ ላይ ወደቀ። ወደ 100 ሰው አለቀ።

አምፖሉ ካልሆነ ብሬከሩን (የኤሌክትሪክ መቁረጫውን) እዩ። እሱም ካልሆነ ፍጥነት ቀንሱና የአደጋ ጊዜ ማንሻውን ተጠቀሙ። አሮው ላይ ጎማውን ወደ ላይ የያዘው የዘይት ግፊት ብቻ ነው፤ ግፊቱ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ካልቆለፈ በፔዳሉ ጭራዋን ግራ ቀኝ መታ መታ አድርጉ። ጎማቸው የሚታጠፍ ሴስናዎች በማንሻው ፋንታ የእጅ ፓምፕ አላቸው፤ ቦናንዛ የሚባለው አውሮፕላን ደግሞ 50 ጊዜ ያህል የሚዞር እጀታ።

በረራ ላይ የጊሩ ዘይት ፓምፕ በየደቂቃው እየተነሳ እየቆመ ከሠራ የሆነ ቦታ ግፊት እያመለጠ ነው። ከተነሳችሁ በኋላ ጊሩ አልታጠፍ ካለ ደግሞ መሬት ላይ እንዳይታጠፍ የሚከላከለውን ስዊች ጠርጥሩ፤ ጭቃ ይወዳል።

የትኛውን ራሳችሁ ትነካላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያለው አብራሪ በግል አውሮፕላኑ ላይ ጎማ መቀየር፣ ኩሽኔታ ግራሶ መቀባት፣ ሾክ ላይ ዘይትና ጋዝ መጨመር ይችላል። ሎግቡክ (የጥገና መዝገቡ) ላይ ጽፎ ይፈርማል። ጊሩን የሚያጥፈው ሲስተም ግን የመካኒክ ነው። እሱም ቢሆን አውሮፕላኗን በክሪክ አንስቶ ነው የሚሞክረው።