ጉጉትን ይዞ ወደ መንደር መውጣት

በእኛ በጎንደር ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ከቤቱ ሰው ይሞታል ይባላል። ስለዚህ በድንጋይ ትባረራለች። እኔ ዘንድ ያለችው፣ ፊቷ ልብ የመሰለው ነጭ ጉጉትም ከድንጋይ ውርጅብኝ የተረፈች ናት፤ የግራ ክንፏ ተሰብሮ ጠሞ ስለገጠመ አትበርም። ስለ ጉጉት ለማስተማር ከእሷ ጋር ወደ ትምህርት ቤትና ወደ እድር ስብሰባ ስወጣ ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ከእኔ ስሕተት ተማሩ።

ጤነኛ እንስሳ ለማስተማሪያ ተብሎ ከዱር ፈጽሞ አይያዝ። ቆስሎ የዳነ፣ ተመልሶ ራሱን ማኖር የማይችል ብቻ ይሁን። ለእሱም ከዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ አውጡ።

ለጉዞ ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ይበቃል። ጎኑ ላይ የአየር ቀዳዳ ይኑረው፤ ወለሉ ላይ ጥፍሯ እንዳያንሸራትት ጆንያ አንጥፉ፤ በጠቆረ ጨርቅ ሸፍኑት። የምትበላውን ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት ስጧት እንጂ ጠዋት አትመግቧት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ የምሄድ ከሆነ ፀሐይ ሳይበረታ እነሳለሁ።

ቦታው ላይ ስትደርሱ ውሾች ይራቁ፣ ድምፅ ማጉያ ይጥፋ። አንድ ጊዜ ማጉያው እንደተከፈተ ይዣት ገባሁ፤ ደንግጣ ስትፈራገጥ ሁለት የክንፍ ላባዎቿ ተሰበሩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ ብቻዬን ገብቼ ቤቱን ሳላይ አላወጣትም። በወፍራም የቆዳ ጓንት ላይ ትቆማለች፣ ሰው ሦስት ሜትር ርቆ ይቀመጣል፣ ማንም አይነካትም። ሃያ ደቂቃ ይበቃታል።

ንግግር አታስቀድሙ። «ስለ ጉጉት ምን ሰምታችኋል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ሽማግሌው ስለ ሞት ሲናገሩ አትሳቁ፣ አታርሟቸውም። ከዚያ እንክብሉን አውጡ። ጉጉት አይጥን እንዳለ ውጣ ጠጉሩንና አጥንቱን አድቦልቡላ ትተፋዋለች፤ ያን የተፋችውን በላስቲክ ይዤ እሄዳለሁ። ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ በወስፌ ቀስ እያላችሁ ፈልቅቁት። አውራ ጣት የማታህል የራስ ቅል ትወጣለች፤ ብርቱካንማዎቹ የፊት ጥርሶች እንደተተከሉ ናቸው። ሁለተኛ፣ ሦስተኛም ይወጣል። አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ አንዲት እናት ጎንበስ ብለው ቆጠሩና «ይህ ሁሉ የእኔን ገብስ ሲበላ የኖረው ነው?» አሉ። እኔ ሰዓት ሙሉ ብናገር ከዚህ የተሻለ አልልም ነበር። ሲጨርሱ ሁሉም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ስለ መርዝ የምታወሩት ያን ጊዜ ነው። የአይጥ መርዝ ብዙውን ጊዜ አይጡን ወዲያው አይገድልም፤ ቀናት እየተንገዳገደ ይቆያል፣ ጉጉቷ ደግሞ የምትይዘው ያንን የደከመውን ነው፤ መርዙም ወደ እሷ ያልፋል። ስለዚህ ወጥመድ ይሻላል። መርዝ ያስቀመጠ ሰው የሞተውን አይጥ ሜዳ ላይ አይጣለው፣ ይቅበረው። ዋርካውና የቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ ዛፍ እንዳይቆረጡም ተናገሩ፤ ጎጆዋ ከግንዱ ጎድጓዳ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ይህን ካህኑ ቢናገሩት ከእኔ ይልቅ ይሰማል፤ አስቀድማችሁ አማክሯቸው።

አንድ ነገር በፍጹም አትዘንጉ፦ «መብረር ብትችል ኖሮ እዚህ አታዩዋትም ነበር» በሉ። ይህን ሳልናገር የተመለስኩ ዕለት፣ በሳምንቱ ሁለት ወንድማማቾች አንዲት የጉጉት ጫጩት በነጠላ ጠቅልለው መጡ። «ለእርስዎ ነው፣ ጋሼ» አሉኝ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። ጫጩቷን ይዘን ተመለስን፤ ትልቁ ልጅ ራሱ ዛፉ ላይ ወጥቶ ጎጆዋ ውስጥ መለሳት።

ስትመለሱ ለሦስት ቀን አታውጧት። እኔ በማግስቱ እመዝናታለሁ፤ ከ320 ግራም ከወረደች የሚቀጥለውን ቀጠሮ እሰርዛለሁ፣ የእድሩ ዳኛ ቅር ቢላቸውም።