ሐረማያ ላይ ንጋትና ወፎችን ለማየት ስትወጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ነበር። ለመስኖና ለከተማ መጠጥ ውሃ ሲሳብ ኖሮ፣ ደለልም ሞልቶት ሜዳ ሆኖ ቀረ። ያኔ ያየው ሰው ይመለሳል ብሎ አልገመተም። ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ውሃው ተመለሰ፤ ወፎቹም አብረው መጡ። አሁን ከድሬ (ድሬዳዋ)ም ከሐረርም ንጋትን ለማየት የሚወጣ ሰው አለ። ብዙው ግን ከሩቅ የሚበር ነገር ብቻ አይቶ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ስህተት ማርፈድ ነው። «ፀሐይ ስትወጣ እንደርሳለን» ካላችሁ ግማሹ አምልጧችኋል። ወፎች መንጫጫትና መመገብ የሚጀምሩት ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዳርቻው ላይ ቁጭ ብላችሁ ተገኙ። ከሐረር ቅርብ ነው። ከድሬ ለሚመጣ ግን የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት በጨለማ መውጣት አለ፤ የጫት መኪኖቹም ሲበሩ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ማታውኑ መጥቶ ማደር ይሻላል።

የድሬ ሰው ደግሞ ብርዱን ይንቃል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረማያ 2,000 ገደማ። በቲሸርትና በነጠላ ጫማ የመጣ ሰው ገና ፀሐይ ሳትወጣ «እንሂድ» ይላል። በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ጋቢ ያዙ። ወራቱ ምርጥ ነው፤ ከአውሮፓና ከእስያ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች እዚህ የሚቆዩት ያኔ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን መጠጋት ነው። አንድ ጠዋት የግብፅ ዝይ ጥንድ ከፊታችን ሃያ እርምጃ ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ዙሪያ ቡናማ ቀለበት አለ፤ ኩል የተኳሉ ይመስላሉ። ሴቷ ስትጮህ ወንዱ እንደ እባብ ሽሽ ይላል። ከጀመዓው አንዱ «አቦ፣ ትንሽ ጠጋ እንበል» ብሎ ስልኩን ይዞ ተነሣ። ሁለቱም አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ዝም አሉ። አንድ እርምጃ ሲጨምር የክንፋቸው ነጭ ብልጭ አለና ሄዱ፤ እነሱን ተከትሎ ዳክዬው ሁሉ ተነሣ። ፎቶው ላይ የቀረው ውሃ ብቻ ነው።

ወፍ አንገቱን አቅንቶ መመገብ ካቆመ አይቷችኋል፤ እዚያው ቁሙ። ሺህ ኪሎ ሜትሮችን በርሮ የደከመን ወፍ በየጠዋቱ ማስነሣት የሰበሰበውን ጉልበት መንጠቅ ነው። ቁጭ ብላችሁ ሃያ ደቂቃ ብትታገሡ ራሳቸው ይቀርባሉ። ዳር ዳሩም ጭቃ ስለሆነ እግር ይውጣል።

ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይዞ ወፍ መፈለግም አያዋጣም፤ የምታዩት ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ንጋቱን ካያችሁ በኋላ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ እንድትሆን ዞራችሁ ተቀመጡ። በአቅራቢ መነጽር ፀሐይን ማየት ደግሞ ዓይን ያጠፋል፤ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ መነጽሩን ከእጃችሁ አትልቀቁ።

ስፒከር ቤት ይቅር።

ሐይቁን የከበበው የገበሬ ማሳ ነው። አቋራጭ ብላችሁ ድንቹንና ሽንኩርቱን አትርገጡ። በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ» (እንዴት አደራችሁ) ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ መንገድ መጠየቅ ይሻላል። ወፎቹ ትናንት የት እንዳደሩም ከገበሬዎቹ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሐረማያ ድረስ መውጣት ያልቻለ የድሬ ልጅ ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ወርዶ ንጋቱን ያያል። በጋ ላይ ችግር የለውም። በልግና ክረምት ላይ ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። በበልግም በክረምትም አሸዋው ላይ አትውረዱ፤ ድልድዩ ላይ ሆናችሁ እዩ።