በፉትቦል ማናጀር (ክለብ የምታሰለጥኑበት የኮምፒውተር ጌም) ትንሽ የደሴት ክለብ ይዛችሁ ለምትጀምሩ

ካዝናው ባዶ ሆኖ ነፃ (ክለብ የሌላቸው) ተጫዋቾችም እምቢ ካሏችሁ ጊዜ አታጥፉ፣ ከላይ ሊግ ያሉ ክለቦችን ወጣቶች ፈልጉና በውሰት ጠይቁ፣ ኦፈሩ ላይ ግን እናንተ የምትከፍሉትን የደሞዝ ድርሻ ዜሮ ፐርሰንት አድርጉና ልጁን ቋሚ ተሰላፊ ነው በሉ። ክለቡ ዋናው ሀሳቡ ልጁ ጨዋታ እንዲያገኝ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ደሞዙን ራሱ እየከፈለ ይልክላችኋል፣ እምቢ ካለ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ መሞከር ነው። ቃል ገብታችሁ ቤንች ላይ ካስቀመጣችሁት ግን መልሰው ሊወስዱት ይችላሉ።

መጀመሪያ የሊጉን ህግ እዩ፣ አንዳንዱ ጋ ለአንድ ጨዋታ የሚያዘው የውሰት ተጫዋች ቁጥር ገደብ አለው። በረኛና መሀል ተከላካይ ደሞ የራሳችሁ ቢሆኑ ይሻላል፣ ሲዝኑ ሲያልቅ ውሰቶቹ በሙሉ ይሄዳሉ። እንደ ጌርንሴይ (በእንግሊዝ የታች ሊግ የሚጫወት የደሴት ክለብ) አይነት ለምትፈልጉ፣ የእንግሊዝ ሊግ ጌሙ ላይ እስከ 6ኛ እርከን ብቻ ስለሚያጫውት የታች ሊጎችን ጌሙ ላይ የሚጨምር ዳታቤዝ (የዳታ ፋይል) ማውረድ አለባችሁ።